ልጄ የገለበጠችልኝ ጽሑፍ

የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ቢሮው አስጠርቶ፣ «ለወላጆች ቀን ጽሑፍ አዘጋጅተህ ታነባለህ» ያለኝ ቀን ወንበር ስቤ ለመቀመጥ እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። ቆሜ ሰማሁት። ርዕሱን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ አዘጋጅቶልኛል። «በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ ወላጆች የሚጠቅም ንባብ» ይላል።

«ሌላ ሰው የለም?» አልኩት።

«አንተ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለህ ሳይኮሎጂ ተምረሃል። ደግሞ አራት ልጆች አሉህ» አለኝ።

ሁለቱም እውነት ስለነበሩ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ መምህር የሆነ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ኖሮት አያውቅም። ጠዋት በአንደኛው ፈረቃ፣ ከሰዓት በሁለተኛው ፈረቃ አስተምራለሁ፤ በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ፣ አራት አራት ሆነው በአንድ ዴስክ ተጣብበው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና ከእርሻ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱን እንቅልፍ ያንጎላጃቸዋል፣ እኔም ጠመኔ እንደያዝኩ ግድግዳውን እደገፋለሁ። ቅዳሜ ጃጁራ አጠገብ ብቻዋን ወደምትኖረው እናቴ ሄጄ የእንሰት ማሳዋን እመለከትላት ነበር፤ የጭነት መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በእግር። እሑድ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ፣ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይጠየቃል። ቤቴን በቀን ብርሃን የማየው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ያንንም ተኝቼ ነው የማሳልፈው።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ትንሽ ሳለች ወሬዋ አያልቅም ነበር። ከእናቷ ጋር በሀዲይኛ፣ ከኔ ጋር ሀዲይኛውንና አማርኛውን እያደባለቀች፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ድረስ ሳታቋርጥ ታወራልኛለች። ስምንተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ግን ወሬው ቆመ። እኔ ዘንድ ሲሆን ሀዲይኛውንም ተወችው። ጥርት ባለ የክፍል አማርኛ፣ «እርስዎ» እያለች፣ ተማሪ መምህሩን እንደሚያናግር ታናግረኝ ጀመር። «እራትዎ ቀርቧል።» «እናቴ ትጠራዎታለች።» ከጎንደር መጥተው ከጎናችን የሚኖሩት የፍርድ ቤት ጸሐፊና ሚስቱ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግህ!» ይሉኛል። እኔ ግን አንድ በር እንደተዘጋብኝ ይሰማኝ ነበር። ምን እንደሆነ ልጠይቃት እያሰብኩ ነገ ዛሬ ስል ዓመቱ ተጋመሰ። እስከ ዛሬም «እርስዎ» ነው የምትለኝ።

የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ሲመጣ ከአራተኛነት ወደ ሠላሳ ሰባተኛነት ወርዳ ተገኘች። ተቆጣኋት። ምን ብዬ እንደተቆጣሁ በሳምንቱ ቢጠይቁኝ አላስታውስም ነበር። ሰው ሲደክመው የሚናገረውን አይመዝንም፤ ከተናገረም በኋላ ልብ አይለውም።

ጽሑፉን በዕረፍት ሰዓት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ጻፍኩት። ከማሠልጠኛ ያመጣሁት፣ ጠርዙን አይጥ የበላው የእንግሊዝኛ ጥራዝ ነበረኝ፤ ከእሱ ላይ የሚጠቅመኝን ወሰድኩ። የመጀመሪያው ገጽ እንደ ደንቡ ነገን ስለሚረከበው አብዮታዊ ወጣት ነው። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ልጁ በዚህ ዕድሜ ሰውነቱ እንደሚለወጥ፣ ቶሎ እንደሚከፋው፣ ከቤተሰቡ ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር መሆን እንደሚወድ፣ ወላጅ ታጋሽ መሆን፣ ማዳመጥ፣ በጎ ሥራውን ማመስገን እንዳለበት አተትኩ። ስጽፈው ከዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ እኔ እንደማላደርግ አልታየኝም። እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው የሠራሁት፤ መልሱ ትክክል ነበር።

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው። ማመልከቻም ሆነ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ በንጹሕ ወረቀት የምትገለብጥልኝ ያቺው ልጄ ነበረች፤ የእሷ ፊደል ዶቃ ይመስላል። በዚያ ዓመት በመካከላችን የቀረው የጋራ ሥራ ይኸው ብቻ ነበር። ዓርብ ማታ ሰጠኋት።

«በንጹሕ ገልብጪልኝ። ለእሑድ ነው የሚፈለገው።»

ርዕሱን አነበበች። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እርስዎ ነዎት የሚያነቡት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በፊት ግን ያዩታል አይደል?»

«አየዋለሁ» አልኳት፣ ጫማዬን እያወለቅሁ።

ቅዳሜ ጃጁራ ውዬ ዝናብ እየደበደበኝ ተመለስኩ። ጽሑፉ ተገልብጦ፣ በልኩ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንስቼ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ተኛሁ። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ከኋላቸው ነጋዴዎች፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ከገጠር የመጡ ገበሬዎች። የገበሬዎቹ ልጆች ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት፤ አባቶቹ ቆጮውንና ቆሎውን በአህያ ጭነው ከጊምቢቹ፣ ከዶዮገናም ጭምር መጥተዋል። መፈክር ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ተራዬ ደረሰ።

የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ውሃ አነበብኩት። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «ልጃችሁ ዝም ሲል ጠገበ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ደክሞትም ሊሆን ይችላል» የሚል አገኘሁ። ይህን የት ነው የጻፍኩት? አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ። ጥራዙ ውስጥ የሌለ፣ ከራሴ የፈለቀ መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ሦስተኛው ገጽ መካከል ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ወላጅ በንዴት የተናገረውን ቶሎ ይረሳል። በሰው ፊት ‹ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም› የተባለች ልጅ ግን አትረሳውም።»

አንብቤ ከጨረስኩት በኋላ ነው የሰማሁት። የኔ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች «ልጁ» እያለ የሚሄድ ነው፤ ሴት ልጅ አንድም ቦታ አልጠቀስኩም። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን «አትረሳውም» ይላል። ፊደሉን አየሁት። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ዶቃ የመሰለ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፤ የሻይ ሰዓት ነው። የክፍሏ ኃላፊ መምህር ካርዱን ሊያሳየኝ ይዟት መጣ። ስድስት ሰባት ሰው ተቀምጧል። ውጤቱን ሳይ ፊቴ ጋለ፤ ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝ። ከኀፍረቴ ለማምለጥ ቀልድ ፈለግሁና፣ «ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም፤ የኔ ብትሆን ሠላሳ ሰባተኛ ትወጣ ነበር?» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ሌሎቹ መምህራን እንዲሰሙት። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። እሷ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ እኛ እንዳደረገች ወደ ኋላ እየተራመደች ወጣች። ከዚያ ደወል ተደወለ፤ ክፍል ገባሁ፤ ነገሩም በዚያው ከአእምሮዬ ጠፋ።

አዳራሹ ውስጥ የክፍሏን ኃላፊ ፈለግሁት። መሬት መሬት እያየ ነው።

ፀጥ ማለቴን አይቶ ይሁን ወይም በራሱ ምክንያት፣ ከጊምቢቹ በኩል የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጁን አነሳ። «መምህር፣ አሁን ያልከው ነገር ትልቅ ነገር መሰለኝ። ግን አማርኛው ግማሹ አመለጠኝ። በሀዲይኛ ድገመው» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ «ድገምላቸው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ደገምኩት። ወረቀቱ ላይ ሳለ የቢሮ ቃል ነበር፤ በሀዲይኛ ሲወጣ የቤት ቃል ሆነ። እናቴ እኔን የጠራችበት፣ እኔም ይህቺን ልጅ አቅፌ ያባበልኩበት ቋንቋ ነው። «የኔ ልጅ አይደለችም» የሚለው ላይ ስደርስ ዳር የተቀመጡት እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ሽማግሌው፣ «እውነት ነው፤ እኔም ብያለሁ» አለና ተቀመጠ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ሌላ የእሷ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከሩቁ አየሁት። መዝለል እችል ነበር፤ ሰዓቱም ሄዷል። አነበብኩት፦ «ልጅህ ስንተኛ እንደወጣች ታውቃለህ። ዛሬ ስንት ጀሪካን ውሃ እንዳመጣችስ ታውቃለህ?» ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ተጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የመጨረሻዋ ግሩም ናት» አለኝ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ሕፃኑን ታጠባለች። ከአራተኛው ልጅ ወዲህ ወገቧ አልጠና ብሏት ነበር።

«ልጅቷ የት ናት?» አልኳት።

«ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች።»

«ጽሑፌ ላይ የራሷን ነገር እንደጨመረችበት ታውቂያለሽ?»

«አንብባልኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችው። «ስንቴ ልንገርህ? ወገቤ እምቢ ብሎኛል፣ ቤቱ በልጅቷ ላይ ወድቋል፣ ማጥኛ ጊዜ የላትም ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ‹እሺ› ትለኛለህ፣ ‹እሺ›ህን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስድሃል። ለእኔ ጆሮ የለህም። ለወረቀት ይኖርህ እንደሆነ ብላ ነው የጻፈችው።»

አልተናደደችም። ብትናደድ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ደክሟት ነው የተናገረችው፤ ስለ ሌላ ሰው ቤት የምታወራ ይመስል ነበር።

ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ውሃ ቦኖው ወረድኩ። እሑድ ሰልፉ ረጅም ነው። ልጄ ሁለት ጀሪካን አስቀምጣ፣ አንዱ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ሳታየኝ ጥቂት ቆምኩ። ትከሻዋ ጎበጥ ብሏል። ፊቷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊት አልመሰለኝም፤ ከመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ የአንዷን፣ ሕፃን አዝላ የምታንጎላጀዋን እናት መሰለኝ። ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች፣ «መምህር፣ ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?» ብለው ሲሳሳቁ ቀና አለች። ወዲያው ብድግ አለች።

«አነበቡት?» አለችኝ።

«አነበብኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንዱን በሁለት ቋንቋ።»

ዓይኗን ከኔ ነቅላ ጀሪካኑን አየች። «ይገርፉኛል?»

«አልገርፍሽም።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ሁለታችንም ጀሪካኖቹን ገፋን። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔኮ በሰው ፊት እንዲያነቡት አልነበረም» አለችኝ። «ቤት ሆነው ያዩታል ብዬ ነው። ያዩታል፣ ይናደዳሉ፣ ይጠሩኛል፣ ከዚያ እናወራለን ብዬ ነበር። ለአዳራሹ ደግሞ የእርስዎን ብቻ እንደገና እገለብጥልዎት ነበር። ንጹሕ ወረቀቱንም አስቀምጬ ነበር። ትላንት ማታ እስኪተኙ ድረስ ጠበቅሁ።»

አዳራሹ ውስጥ ያነበብኩት ሁሉ እንደዚህኛው አልከበደኝም። በሦስት መቶ ሰው ፊት ያዋረደችኝ መስሎኝ፣ ይገባኛል ብዬ ተቀብዬው ነበር። እሷ ግን ለእኔ ብቻ ነበር የጻፈችው። የራሴን ጽሑፍ እንኳ ገልጬ አላየሁም።

«ደክሞኝ ነበር» አልኳት።

«እኔም ደክሞኛል» አለችኝ። በሀዲይኛ ነው ያለችው።

ተራችን ደርሶ ቀዳን። አንዱን ጀሪካን እኔ ተሸከምኩ። ከቦኖው እስከ ቤታችን ዳገት ነው፤ ቀይ ጭቃ ነው። ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አረፍኩ። እሷ የራሷን በገመድ አዝላ፣ ሳታወርደው፣ ቆማ ጠበቀችኝ። በየቀኑ አራት ጊዜ ይህን መንገድ ትመላለሳለች፤ ሁለቱ ከትምህርት በፊት ነው። ይህንን የነገረችኝ እኔ ጠይቄያት ነው። በሦስተኛው ዕረፍት ላይ፣ «በሻይ ሰዓት ያልኩሽ ነገር…» ብዬ ጀመርኩ። እኛ ያደግንበት ቤት አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ቃሉን ከየት እንደማመጣው አላወቅሁም። «ልክ አልነበረም። በሰው ፊት ነው ያልኩት፤ ስህተቴን ግን ለብቻሽ ነው የምነግርሽ» አልኳት። ጭቃውን በእግሯ ጣት እየጫረች ሰማችኝ። «እሺ» አለች። ጀሪካኔን አንስቼ ተከተልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። ከመሠረተ ትምህርቱ ለአንድ ዙር እንዲያሳርፉኝ ጠየቅሁ፤ አልተፈቀደም። ጃጁራ መሄዱን በየሁለት ሳምንቱ አደረግሁት፤ እናቴ ከፋት። የጠዋቱን ውሃ እኔ ማምጣት ጀመርኩ፤ ስድስት ሳምንት አመጣሁና ታምሜ ተውኩት፣ ከዚያ ደግሞ ጀመርኩ፣ ደግሞም ተውኩ። ባቆምኩ ቁጥር ማንም ምንም አይለኝም፤ ጀሪካኖቹ ግን ከበሩ ጠፍተው አገኛቸዋለሁ። ልጄ በዓመቱ መጨረሻ አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። የሚኒስትሪ ፈተናውን አለፈች፤ በጥሩ ውጤት ግን አልነበረም። አንዳንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ጓደኞቿ ሁለት ሦስት ነገር ትነግረኝ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ እያደባለቀች።

ርዕሰ መምህሩ ጽሑፉን በስቴንስል አባዝቶ ለወላጆች አደለው። ከግርጌው የኔ ስም አለበት። «እነዚያን ሦስት ቦታዎች የጻፈችው ልጄ ናት» አልኩት። «ትሕትና አታብዛ» ብሎ ሳቀ። እንደገና ላስረዳው ይገባኝ ነበር፤ አላስረዳሁትም። አንዱን ቅጂ ቤት ሳመጣ ልጄ ግርጌውን አየችው። «ስምዎን ብቻ ነው የጻፉት» አለች። «አዎ» አልኳት። «ይሁን» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ያንን «ይሁን» ዛሬም ሳስበው ደስ አይለኝም።

እሷ በኋላ ነርስነት ተማረች፤ ዱራሜ በኩል ተመድባ ሠራች፤ የራሷንም ልጆች ወለደች። ሁለተኛው ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ በተራው ዝም አለ። አሁንማ አውቄዋለሁ ብዬ ውሃውን ራሴ አመጣሁለት፣ በሰው ፊት ክፉ ቃል አልተናገርኩትም፣ እሑድ ከሰዓት እንቅልፌን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ፣ «አባባ፣ ለምን ትከተለኛለህ? ትንሽ ብቻዬን ልሁንበት» አለኝ። ለእሱ ደግሞ ሌላ ነገር መማር ነበረብኝ። ብቻውን ልተወው ብዬ ኮቴን ለብሼ ወጣሁና እስኪመሽ ድረስ ከተማውን ዞርኩ።